ስንዴን ከዋግ ለመታደግ ዕድሜያቸውን የሰጡት ኤልቪን ስታክማን ማን ነበሩ?

በ2013 የመኸር አዝመራ ማብቂያ ላይ በባሌ የደረሰ ስንዴ በግንድ ዋግ ተመታ። ዲጋሉ የተባለውን ዘር የዘሩ ብዙ ገበሬዎች ምርታቸውን ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ አጡ። ሰብሉን ያጠፋው የዋግ ዝርያ የትኛው እንደሆነ ከተመረመረባቸው ስፍራዎች አንዱ በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት፣ ሴንት ፖል ከተማ የሚገኘው የእህል በሽታዎች ቤተ ሙከራ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎሮሳውያኑ አቆጣጠር ናቸው።)

ቤተ ሙከራው የሚገኝበት ግቢ ብዙ የምሥራቅ አፍሪካ ተወላጆች ከሚኖሩበት የሚኒያፖሊስ ሰፈር፣ ከሴዳር ሪቨርሳይድ፣ የጥቂት ኪሎ ሜትሮች መንገድ ነው። ከሰፈሩ ጋር የሚዋሰነው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አውቶቡስ ተማሪዎችን ከዚያው አሳፍሮ የሚሲሲፒን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ሴንት ፖል የግብርና ግቢ ያደርሳል። በዚያ ግቢ ስታክማን ሆል የሚባል ሕንፃ ቆሟል። ስሙ የተሰየመላቸው ኤልቪን ቻርልስ ስታክማን የባሌ ገበሬ የገጠመውን ዓይነት ጥፋት ምክንያት ለማወቅ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የደከሙ ሰው ነበሩ።

የደረሱበት እውነት ለመናገር ቀላል፣ ለመቀበል ግን ከባድ ነው። በሽታን የሚቋቋም ዘር ማግኘት ይቻላል፤ በሽታውን ለዘለዓለም የሚቋቋም ዘር አገኘሁ ብሎ መቀመጥ ግን አይቻልም።

የገጠር አስተማሪው

ስታክማን የተወለዱት በግንቦት 1885 በዊስኮንሲን ግዛት ሲሆን፣ ያደጉት ግን ብራውንተን በምትባል ትንሽ የሚኒሶታ የገጠር ከተማ ነው። በ1906 ከሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ካገኙ በኋላ በግዛቲቱ ትናንሽ ከተሞች ለሦስት ዓመታት ያህል አስተማሩ።

ያ ዘመን ሚኒያፖሊስ በዱቄት የምትኖርበት ዘመን ነበር። ከ1880 ገደማ አንስቶ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ከተማዋ በዓለም ቀዳሚዋ የዱቄት ማምረቻ ነበረች። በቅዱስ አንቶኒ ፏፏቴ ጉልበት የሚሽከረከሩት ግዙፍ ወፍጮዎች ከሰሜኑ ሜዳ የሚመጣውን ስንዴ ቀንና ሌሊት ይፈጩ ነበር። ከፏፏቴው ትንሽ ወረድ ብሎ የሚገኘው ሴዳር ሪቨርሳይድም በጊዜው ከስዊድን፣ ከኖርዌይ እና ከዴንማርክ የፈለሱ ሠራተኞች ሰፈር ነበር። በማሳው ላይ ስንዴ በዋግ ሲመታ ጉዳቱ በገበሬው ብቻ አይቆምም፤ እስከ ወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ ጓዳ ይዘልቃል።

ዩኒቨርሲቲው በ1907 በኤድዋርድ ፍሪማን መሪነት የዕፅዋት በሽታ ጥናት ክፍል ከፈተ። ስታክማን በ1909 በዚህ ክፍል በረዳት መምህርነት ተቀጠሩ። በ1910 የማስተርስ፣ በ1913 ደግሞ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። የዶክትሬት ጥናታቸው ርዕስ የእህል ዋግ ነበር፤ ከዚያ በኋላም ከዚህ ርዕስ አልተለዩም።

ተክሉ ወይስ ፈንገሱ?

የግንድ ዋግ በዓይን የማይታዩ ብናኞችን እየበተነ የሚራባ ፈንገስ ነው። ብናኙ በስንዴው አገዳ ላይ አርፎ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ የተክሉን ምግብ ይበላል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ቆዳውን ቀድዶ የሸክላ ቀለም ያለው ዱቄት ሆኖ ይወጣል። ለመታጨድ ሳምንታት የቀሩት ያማረ ሰብል በአጭር ጊዜ ውስጥ የተሰባበረ አገዳ እና የጨነጨነ ፍሬ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ተመራማሪዎችን ግራ ያጋባው ጥያቄ አንድ ነበር። በአንድ ቦታ ዋግን የሚቋቋም የስንዴ ዘር በሌላ ቦታ ለምን ይታመማል? በጊዜው ሰፊ ተቀባይነት የነበረው መላምት ፈንገሱ እየለመደ ይሄዳል የሚል ነበር። ዋጉ በመጀመሪያ በከፊል በሚቋቋመው ተክል ላይ ይቆያል፤ በዚያም ጉልበት አግኝቶ እንደ ድልድይ እየተሸጋገረ ጠንካራውን ተክል ያጠቃል ይባል ነበር። ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ የሚቋቋም ዘር ለማዳቀል መድከም ትርጉም ባልኖረው ነበር።

ስታክማን እና ባልደረቦቻቸው ይህን መላምት ለዓመታት ፈተኑት። ዋጉን ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ደጋግመው አዛመቱ፤ ጠባዩ ግን አልተለወጠም። በ1918 ባወጡት ጥናት የድልድዩ መላምት እንደማያስኬድ አስታወቁ። የተለመደው አስተሳሰብ አንድ በሽታ አድርጎ የቆጠረው የግንድ ዋግ በመልክ የማይለዩ፣ በሚያጠቁት የስንዴ ዓይነት ግን የሚለያዩ የብዙ ዝርያዎች ስብስብ ነበር። ስንዴው አንድ ቦታ ጸንቶ ሌላ ቦታ የሚወድቀው ጠባዩን ስለለወጠ አልነበረም። የገጠመው ጠላት ሌላ ስለሆነ ነው።

እነዚህን የሚመሳሰሉ ጠላቶች ለመለየት ስታክማን እና ሞዝስ ሌቪን ቀላል ዘዴ ነደፉ። አሥራ ሁለት የተመረጡ የስንዴ ዓይነቶችን አብቅለው በቡቃያነታቸው ከማሳ የመጣውን ዋግ ያዛምቱባቸዋል። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ በእያንዳንዱ ቅጠል ላይ የወጣውን ነቁጥ አይተው ከዜሮ እስከ አራት ደረጃ ይሰጡታል። ዜሮ ተክሉ ፈጽሞ አልታመመም ማለት ነው፤ አራት ደግሞ ሙሉ በሙሉ ተሸንፏል። የአሥራ ሁለቱ ውጤት በአንድነት ሲነበብ የዋጉ መታወቂያ ይሆናል። በ1922 ባሳተሙት ሥራ በዚህ መንገድ 37 ዝርያዎችን ለይተዋል፤ በኋለኞቹ ዓመታት ቁጥሩ ከ200 አለፈ። የደረጃ አሰጣጡ ዛሬም በመላው ዓለም ይሠራበታል።

ባርቤሪን መንቀል

ስታክማንን ከቤተ ሙከራ ወደ አደባባይ ያወጣቸው የ1916 ወረርሽኝ ነው። በዚያ ዓመት የግንድ ዋግ በአሜሪካ ብቻ ወደ 200 ሚሊዮን ቡሽል የሚገመት፣ በኩንታል ሲሰላ ከ50 ሚሊዮን የሚበልጥ ስንዴ አጠፋ። በዓመቱ አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ዳቦ እንደ ጥይት የሚቆጠር ሆነ።

ጀርመናዊው አንቶን ደ ባሪ ዋጉ የሕይወቱን ዑደት ለመፈጸም ባርቤሪ የተባለ እሾሃማ ቁጥቋጦ እንደሚያስፈልገው ያረጋገጠው በ1865 ነበር። ከአውሮፓ የመጡ ሰፋሪዎች ደግሞ ይህን ቁጥቋጦ ለአጥርና ለማርማላታ ብለው በየደጃፋቸው ተክለውት ነበር። በ1918 የፌዴራሉ መንግሥት እና የስንዴ አብቃይ ግዛቶች ባርቤሪን ከሥሩ ነቅሎ የማጥፋት ዘመቻ ጀመሩ፤ የመጀመሪያው መሪ ስታክማን ነበሩ። የትምህርት ቤት ልጆች ቁጥቋጦውን እየፈለጉ እንዲጠቁሙ ተደራጁ፤ ለዚህም ሜዳሊያ ተሰጣቸው። ዘመቻው በቀጠለባቸው አሥርት ዓመታት በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ የባርቤሪ ተክሎች ተነቅለዋል።

ቁጥቋጦው ለዋጉ መጠለያ ብቻ አልነበረም። ዋጉ በጾታዊ መንገድ ተዳቅሎ አዳዲስ ዝርያዎችን የሚፈጥረው በባርቤሪ ላይ ነው። ባርቤሪ ሲመናመን የአዳዲስ ዝርያዎች መፈልፈያም አብሮ ተመናመነ።

ሆኖም ዋጉ ሌላ መንገድ ነበረው። ከ1921 ጀምሮ ስታክማን እና ባልደረቦቻቸው በወታደራዊ አውሮፕላኖች እየታገዙ በቅባት የተቀቡ መስታወቶችን ወደ ሰማይ አወጡ። ከምድር በብዙ ሺህ ጫማ ከፍታ ላይ የዋግ ብናኝ ተጣብቆ ተገኘ። በሜክሲኮ እና በቴክሳስ ሙቀት ክረምቱን ያሳለፈ ዋግ በጸደይ የደቡብ ነፋስ ተሳፍሮ እስከ ካናዳ ይዘልቅ ነበር። ለነፋስ ድንበር የለውም፤ ዋግን የሚዋጋ ሳይንስም በአንድ አገር ታጥሮ ሊቀመጥ እንደማይችል ስታክማን ተረዱ።

የድል ዕድሜ

በ1926 ሲሬስ የተባለ ዋግን የሚቋቋም የስንዴ ዘር በሰሜን ዳኮታ ተለቀቀ። ገበሬዎች ወደዱት፤ ማሳቸውንም ሸፈኑበት። ከሁለት ዓመት በኋላ የስታክማን ቡድን 56 የሚል ቁጥር የሰጠውን የዋግ ዝርያ አገኘ። መጀመሪያ እምብዛም አይታይም ነበር። ሲሬስን ግን ማጥቃት ስለሚችል ዘሩ በተስፋፋ ቁጥር እርሱም ተስፋፋ። በ1935 ያ ሁሉ የሲሬስ ማሳ ወደመ።

በዚያ ዓመት ጸንቶ የቆመው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ከአንድ ዓመት በፊት የለቀቀው ታቸር የተባለ ስንዴ ነበር። ታቸር ለአሥራ አምስት ዓመታት ያህል እፎይታ ሰጠ። ነገር ግን በ1939 15ቢ የተባለ አዲስ የዋግ ዝርያ ታየ። ለአሥራ አንድ ዓመታት አድፍጦ ቆይቶ በ1950 በሰሜን አሜሪካ ሜዳ ሁሉ ተሠራጨ። በ1953 እና በ1954 አብዛኛው የዱረም ስንዴ፣ ማለትም ፓስታና መኮሮኒ የሚሠራበት ስንዴ፣ በእርሱ ጠፋ።

ይህ ክስተት የስታክማንን ትምህርት በገበሬ ቋንቋ አስረዳ። አንድን ዘር በሰፊ አገር ላይ መዝራት እርሱን ማጥቃት የሚችለውን አንድ ዝርያ መርጦ እንደማብላት ነው። ከ1950 በኋላ የተለያዩ አገሮች የስንዴ ዘሮቻቸውን በአንድነት የሚፈትሹበት ዓለም አቀፍ የሙከራ መረብ የተዘረጋውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ደቀ መዛሙርቱ

የሚኒሶታው ክፍል በስታክማን ዘመን ከብዙ አገሮች ተማሪዎችን ተቀብሏል። በጊዜው በሳይንስ ቤተ ሙከራ ሴቶች እምብዛም ባይታዩም ካናዳዊቷ ማርጋሬት ኒውተን በ1922 ዶክትሬቷን ከዚያ አግኝታ የአገሯን የዋግ ምርምር መርታለች። የስታክማን ባለቤት ሉዊዝ ጄንሰንም ራሷ የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪ ነበረች።

በሴንት ፖል የተወለደው ሃሮልድ ፍሎር ዶክትሬቱን በ1929 ከሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ካገኘ በኋላ በሰሜን ዳኮታ የተልባ ዋግን አጠና። በ1940ዎቹ የደረሰበት ግኝት የመምህራኑን ትውልድ ሥራ ወደ ዘረ መል ደረጃ አወረደው። በተልባው ውስጥ ላለ ለእያንዳንዱ የመቋቋሚያ ዘረ መል በዋጉ ውስጥ ተመጣጣኝ ዘረ መል እንዳለ አሳየ። ነገሩን ሌባን በመልኩ ከሚለይ ዘበኛ ጋር ማመሳሰል ይቻላል። ዘበኛው ሌባውን ካወቀው ይይዘዋል፤ ሌባው መልኩን ከለወጠ ግን ዘበኛው ዓይኑ እያየ ያሳልፈዋል። ዘበኛው አልደከመም፤ የሚያውቀው ሰው አልመጣም እንጂ።

ይህ ሕግ ከእህል አልፎ ለአትክልትም ይሠራል። ተመራማሪዎች በ1993 አንድን ባክቴሪያ የሚቋቋም፣ በዓመቱም ቅጠል ሻጋታን የሚቋቋም ዘረ መል ከቲማቲም ለይተው አወጡ፤ ሁለቱም መገኛቸው የዱር ቲማቲም ነበር። በቲማቲም ዘር ማሸጊያ ላይ የሚታተሙት ቪ፣ ኤፍ እና ኤን የሚሉት የላቲን ፊደላት ዘሩ የትኞቹን በሽታዎችና የሥር ትሎች እንደሚቋቋም ይናገራሉ። ከኤፍ ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር ደግሞ የትኛውን የአጠውላጊ ፈንገስ ዝርያ እንደሆነ ይገልጻል። በሽታን በስሙ ብቻ ሳይሆን በዝርያው ቁጥር መጥራት ስታክማን በስንዴ ላይ ያጸኑት ልማድ ነው።

ከተማሪዎቻቸው ሁሉ ስሙ የገነነው ግን ኖርማን ቦርሎግ ነው። በ1937 መጨረሻ በደን ጥበቃ ሊቀጠር ይጠብቅ የነበረው ይህ ወጣት ስታክማን ስለ ዋግ የሰጡትን የአደባባይ ትምህርት ሰማ። ሥራው በበጀት እጥረት ሲሰረዝበት ወደ እርሳቸው ሄደ፤ እርሳቸውም ወደ ዕፅዋት በሽታ ጥናት መሩት። በ1941 ስታክማን ከሁለት ባለሙያዎች ጋር ሆነው በሮክፌለር ፋውንዴሽን ጥያቄ የሜክሲኮን ግብርና ዞረው አጠኑ። ከዚህ ጥናት በ1943 የሜክሲኮ የግብርና መርሐ ግብር ተወለደ፤ የመጀመሪያው መሪም የስታክማን የቀድሞ ተማሪ ጆርጅ ሃራር ነበር። ቦርሎግ በ1944 ተቀላቀለ። በሜክሲኮ የወጡት ዋግን የሚቋቋሙ አጫጭር ስንዴዎች በ1960ዎቹ ሕንድ እና ፓኪስታን ደረሱ፤ ቦርሎግም በ1970 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበለ።

አረንጓዴው አብዮት የተባለው ይህ ለውጥ ተቺዎችም አሉት። አዲሶቹ ዘሮች ማዳበሪያና መስኖ አብዝተው ይሻሉ፤ የየአገሩን ነባር ዘሮችም ከማሳ አስወጥተዋል ይላሉ። የኋለኛው ትችት የስታክማንን የራሳቸውን ትምህርት ይነካል፤ አዲስ የመቋቋሚያ ዘረ መል የሚፈለገው በእነዚያው ነባር ዘሮች ውስጥ ነውና።

ከኢትዮጵያ የሄደው ዘረ መል

ስታክማን በ1949 የአሜሪካ የሳይንስ ዕድገት ማኅበር ፕሬዝዳንት ነበሩ። ከ1940 ጀምሮ የመሩትን የትምህርት ክፍል ለቀው በ1953 ጡረታ ወጡ፤ ከመጻፍና ከመምከር ግን አላረፉም። በጥር 1979 በዘጠና ሦስት ዓመታቸው አረፉ።

በሕይወት ሳሉ ያዩት አንድ መፍትሔ ከኢትዮጵያ የመነጨ ነበር። 15ቢ የሰሜን ዳኮታን ዱረም ካወደመ በኋላ አዳቃዮች መቋቋሚያ ካገኙባቸው ዘሮች አንዱ በመዝገባቸው ኤስቲ464 የሚል መለያ የተሰጠው የኢትዮጵያ ስንዴ ነው። ከእርሱ የተገኘው የመቋቋም አቅም በ1966 በተለቀቀው ሊድስ በተባለው ዱረም አማካኝነት ወደ ብዙ የአሜሪካ ዘሮች ተላለፈ። የኢትዮጵያ ገበሬ ለዘመናት ያቆየው ስንዴ በሌላ አህጉር የፓስታ ሰብልን ታደገ።

ነገር ግን የስታክማን ሕግ ለማንም አያዳላም። ከዚህ ስንዴ ከተገኙት ዘረ መሎች አንዱ የሆነውንና ኤስአር13 የሚባለውን የሚያሸንፉ የዋግ ዝርያዎች በደብረ ዘይት ተገኝተዋል። ለዚህም ነው ከተለያዩ አገሮች የሚመጣ የዱረም ዘር በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ማሳ ላይ ተዘርቶ የሚፈተነው። እዚያ ጸንቶ የቆመ ዘር ተስፋ ይጣልበታል።

በኢትዮጵያ የዳቦ ስንዴ ታሪክም የሲሬስ ዕጣ ተደጋግሟል። እንቆይ የተባለው ተወዳጅ ዘር በ1990ዎቹ መጀመሪያ በግንድ ዋግ ተሸነፈ። በኡጋንዳ በ1998 ተገኝቶ ዩጂ99 የተባለው አደገኛ ዝርያ በ2003 በኢትዮጵያ ታየ። በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን ዘር ሲያጠፋ ገበሬዎች ወደ ዲጋሉ ዞሩ። ዲጋሉ ቢጫ ዋግንም ዩጂ99ንም ይቋቋም ነበር፤ ከግንድ ዋግ የሚከላከልለት ግን በዋነኛነት አንድ ዘረ መል ነበር። በ2013 የመጣው ዋግ ከዩጂ99 ቤተሰብ ያልሆነ፣ ያንን አንድ ዘረ መል የሚያልፍ ሌላ ዝርያ ሆኖ ተገኘ።

ዛሬ አዳቃዮች በአንድ ዘር ውስጥ ብዙ ዘረ መሎችን አብሮ ለማስገባት ይጥራሉ፤ አንዱ ዘበኛ ቢሸወድ ሌላው እንዲይዝ ነው። በአምቦ፣ በቁሉምሳ እና በደብረ ዘይት የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች በየዓመቱ ማሳ ለማሳ እየዞሩ የዋግ ናሙና ይሰበስባሉ። ናሙናው በቡቃያ ላይ ይዛመታል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላም ቅጠሉ ታይቶ ከዜሮ እስከ አራት ደረጃ ይሰጠዋል። የሚመዘገበው ቁጥር ለባሌና ለአርሲ ገበሬ በመጪው ዓመት የትኛው ዘር ሊታመን እንደሚችል፣ የትኛውስ ጊዜው እንዳለፈበት ይነግረዋል።